የነገ ቡድን፣ የዛሬ ደጋፊ

(የ2025 የውድድር ዓመት ካበቃ በኋላ፣ ማኬንዚ ጎር ገና የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን ወርዋሪ ሳለ በሁለት ደጋፊዎች መካከል የተደረገ ክርክር)

ነባር ደጋፊ፦ 66 ጨዋታ አሸንፈን 96 ተሸነፍን፤ ዲቪዚዮናችንንም መጨረሻ ሆነን ጨረስን። ይህ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ማኬንዚ ጎርን ለሌላ ቡድን ሊሰጡት ነው ይባላል። ካሉን ወርዋሪዎች መካከል ኳሱን ይዞ ሲወጣ «ዛሬ እንኳ እናሸንፍ ይሆናል» ብለን የምንቀመጥለት እሱ ነው። ያለህን አንድ ሰው አሳልፈህ ሰጥተህ ቡድን አጠናከርኩ ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው?

ወጣት ደጋፊ፦ ጋሼ፣ የሚሰጡት እኮ ለማጠናከር ነው። ናሽናልስ በጎር ላይ ያለው መብት 2027 ሲያልቅ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ነፃ ነው፣ ወደፈለገው ይሄዳል። ወኪሉ ስኮት ቦራስ ነው፤ ቦራስ ደንበኞቹን ገበያ ሳያወጣ ማስፈረም እንደማይወድ እርስዎ ከብራይስ ሃርፐር ጊዜ ጀምሮ አይተውታል። እኛ ደግሞ በ2026 ለዋንጫ የምንጫወት ቡድን አይደለንም። ታዲያ ሁለቱን ዓመት እያሸነፍንበት ካልሆነ፣ ዋጋው ከፍ ባለበት ሰዓት ሰጥቶ አራትና አምስት ወጣት መቀበል ምን ክፋት አለው?

ነባር ደጋፊ፦ ዋጋው ከፍ ያለው ጥሩ ስለሆነ ነው። ጥሩ ሰው ደግሞ እኛም ያስፈልገናል። የ2025 የመክፈቻ ጨዋታን አስታውስ። ከፊላደልፊያ ጋር ስድስት ኢኒንግ ወርውሮ 13 ሰው በስትራይክአውት አስወጣ። አንድ ሂት ብቻ ነው የሰጠው፣ አንድ ሰው እንኳ በነፃ አላስኬደም። ያን ጨዋታ ግን 7 ለ 3 ተሸነፍን። እሱን ተክተው የገቡት ወርዋሪዎች ናቸው ያስበሉን። ስለዚህ የዚህ ቡድን በሽታ ጎር ጋ አይደለም። ጤነኛውን እጅ ቆርጦ የታመመውን እግር ማዳን አይቻልም።

ወጣት ደጋፊ፦ እሺ፣ የመክፈቻው ቀን እውነት ነው። ግን ዓመቱን ሙሉ ይመልከቱት። 5 አሸንፎ 15 ተሸነፈ፣ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 4.17 ነጥብ አስቆጠሩበት። ሽንፈቶቹ የቡድኑ እንጂ የእሱ ብቻ እንዳልሆኑ አምናለሁ። ሆኖም ከኦልስታር በኋላ መድከሙን ሁላችንም አይተናል። ወርዋሪ ክንዱ ነው። ክንድ ደግሞ ዛሬ ደህና ነው፣ ነገ ቀዶ ሕክምና ይገባል፣ አንድ ዓመት ተኩል ይጠፋል። ጆሳያ ግሬይን በ2024፣ ከዚያ በፊት ኬድ ካቫሊን በ2023 እንዲሁ አጣናቸው። ጎርን እዚሁ አስቀምጠን ክንዱ ቢጎዳ የምንቀበለው ነገር የለም።

ነባር ደጋፊ፦ በዚህ አያያዝ ማንንም ማስቀመጥ አይቻልም። ማንስ የማይጎዳ አለ? የሚሰጡን ልጆችም እኮ ክንድና ጉልበት አላቸው።

ወጣት ደጋፊ፦ አላቸው፣ ግን አምስት ናቸው። አንዱ ቢጎዳ፣ ሁለቱ ሳይሆንላቸው ቢቀር፣ ሁለት ይተርፉናል። ሁዋን ሶቶን ለሳንዲዬጎ የሰጠንበት ቀን ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ። እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ ስሙ ያለበትን ማሊያ እለብስ ስለነበር አንዱ ነበርኩ። ኦገስት 2 ቀን 2022። ሳንዲዬጎ የሰጠንን አሁን ይቁጠሩ። ሲጄ ኤብራምስ በ2024 ኦልስታር ሆነ። ጎርና ጄምስ ዉድ በ2025 ኦልስታር ሆኑ። ዉድ 31 ሆምረን መታ፤ ከኤንጀልስ ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው በነፃ አስኬዱት፣ ከባሪ ቦንድስ በኋላ እንዲህ የተፈራ መቺ አልነበረም። ሳንዲዬጎስ ምን አገኘ? ከዓመት ተኩል በኋላ ሶቶን እሱም ለያንኪስ ሰጠው። በዚያ ልውውጥ የተጠቀምነው እኛ ነን።

ነባር ደጋፊ፦ አሁን እኔ ልናገረው የፈለግሁትን አንተ ራስህ አመጣኸው። በአንድ ልውውጥ ሦስት ኦልስታር ተቀበልን። ከዚህ የተሻለ ልውውጥ በዕድሜህ ታያለህ ብዬ አልገምትም። ታዲያ ምን አደረግንበት? በ2023 71 አሸነፍን። በ2024 71 አሸነፍን። በ2025 ሦስቱም ኦልስታሮች ሜዳ ላይ እያሉ 66። ልውውጡ የተሳካ ነው፣ ቡድኑ ግን ወደ ታች ነው የሄደው። ስለዚህ የጎር ልውውጥ ልክ እንደ ሶቶው ቢሳካ እንኳ በምን ሒሳብ እናሸንፋለን? የምትነግረኝ ነገር አስቀድሞ ተሞክሯል፣ ደግሞም በጥሩ ሁኔታ ተሞክሯል።

ወጣት ደጋፊ፦ ያላሸነፍነው በልውውጡ ጥፋት አይደለም። በዙሪያቸው የቆመ ቡድን ስለሌለ ነው። ከድራፍት የመጡት ልጆች ማይነር ሊግ ውስጥ አላደጉም። ሌሎች ቡድኖች የወርዋሪን የእጅ አያያዝ በካሜራ ቀርጸው፣ የኳሷን መሽከርከር ለክተው አዲስ ውርወራ ሲያስተምሩ፣ የእኛ ሰዎች በድሮው ዓይን መመልመላቸውን ቀጠሉ። ለዚህ ነው ባለቤቶቹ ጁላይ 6 ቀን 2025 የቡድኑን ኃላፊ ማይክ ሪዞንና ማናጀሩን ዴቪ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን ያሰናበቱት። አሁን በሪዞ ቦታ ከቦስተን የመጣው ፖል ቶቦኒ 35 ዓመቱ ነው፤ ስሙን ያገኘው ወጣቶችን በመመልመልና በማሳደግ ነው። አዲሱ ማናጀር ብሌክ ቡቴራ 33 ዓመቱ ነው። ያን ያህል ልጅ የሆነ ማናጀር በሜጀር ሊግ ከ1972 ወዲህ አልታየም። እነዚህ ሰዎች የሚያሳድጉት ልጅ ይፈልጋሉ። እርስዎ የሚያነሱት ውድቀት በሌሎች እጅ የደረሰ ነው።

ነባር ደጋፊ፦ ሪዞን እንዲህ በቀላሉ አታውርደው። ከ2009 ጀምሮ ይህን ቡድን ከምንም ያነሳው እሱ ነው። በ2019 19 አሸንፈን 31 ስንሸነፍ ወርዋሪያችንን ሸርዘርን ሽጡት የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶት ነበር። በዚያ ሰዓት የአንተን ሒሳብ የሚያሰላ ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ይሸጠው ነበር። ዕድሜው ገፍቷል፣ ቡድኑ እየተሸነፈ ነው፣ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ሁሉም ነገር ሽጥ ይላል። ሪዞ አልሸጠም። ኦክቶበር 30 ማታ ሂውስተን ላይ የወርልድ ሲሪሱን ሰባተኛ ጨዋታ ሸርዘር ጀመረው፣ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የቀኙን ምሰሶ ነካች፣ 6 ለ 2 አሸነፍን። በ1924 ዋልተር ጆንሰን ከነበረበት ቡድን ወዲህ ዋሽንግተን ያየችው የመጀመሪያው የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ ነው።

ወጣት ደጋፊ፦ ጋሼ፣ ያን ማታ ማንም አይረሳውም። ግን ያ ቡድን ሸርዘር፣ ስትራስበርግ፣ ኮርቢን፣ ሬንዶን፣ ተርነር፣ ሶቶ ነበሩት። ገና ሳይጀምር ጥሩ ቡድን ነበር፣ ሃምሳ መጥፎ ጨዋታ ገጠመው እንጂ። የዛሬው ቡድን 162 ጨዋታ ሙሉ ይኸው ነበር። ደግሞስ ትሬ ተርነር ራሱ እንዴት መጣ? በ2014 መጨረሻ ሪዞ ስቲቨን ሱዛን ሰጥቶ ነው ያመጣው። ያኔ ለደጋፊው ሱዛ ማለት ጆርዳን ዚመርማን ምንም ሂት ሳይሰጥ ሊጨርስ ሲል በመጨረሻዋ ኳስ ዘልሎ የያዘለት ሰው ነው። ተወዳጅ ነበር። ተሰጠ። በምትኩ የመጣው ልጅ ዋንጫ አነሳ። እርስዎ የሚያወድሱት ሪዞም ዛሬን ሰጥቶ ነገን ገዝቷል።

ነባር ደጋፊ፦ ሱዛ ተቀያሪ ነበር። በወቅቱ ቡድኑ ዲቪዚዮኑን አሸንፎ የመጣ ነው። ከሞላ ጎተራ አንድ ቁና ማውጣትና ያለህን አንድ ቁና አውጥተህ መስጠት ለየቅል ነው።

ልንገርህ፣ እኔ ይህን ጨዋታ የተማርኩት ታክሲ እየነዳሁ በራዲዮ ነው። በ2005 ቡድኑ ከሞንትሪያል መጥቶ አርኤፍኬ ስታዲየም ሲጀምር አንድ ሕግ አላውቅም ነበር። ኤርፖርት ተሰልፈን ደንበኛ ስንጠብቅ አንድ ጓደኛዬ ራዲዮኑን ከፈተው። ዘጋቢው ዝም ይላል፣ ትንሽ ያወራል፣ ደግሞ ዝም ይላል፤ ከሰዉ ድምፅ ተነስተህ ምን እንደሆነ ትገምታለህ። ከብዙ ማታ በኋላ ሜዳው በአእምሮዬ ተሳለ። እንግሊዝኛውንም ያለማመደኝ እሱ ነው። ስለዚህ ለኔ ይህ ቡድን የዋንጫ ነገር ብቻ አይደለም፤ በየማታው ድምፃቸውን የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሃርፐር ሄደ፣ ፊላደልፊያ 330 ሚሊዮን ዶላር ሰጠው። ሬንዶን ሄደ። ሸርዘርና ተርነር በአንድ ቀን ሎስ አንጀለስ ገቡ። ሶቶ ሄደ። የልጅ ልጄ ማሊያ ግዛልኝ ሲለኝ የማንን ስም አስጽፌ ልግዛለት? እናንተ «የአምስት ዓመት ዕቅድ» ስትሉ አምስቱን ዓመት የሚከፍለው ማነው? ባለቤቶቹ አይደሉም፤ ቡድኑ ሲሸነፍም የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ይገባል። የሚከፍለው ልጅነቱ በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ የሚያልፈው ልጅ ነው።

ወጣት ደጋፊ፦ ይህ ከባድ ነው፣ በቁጥር የሚመለስም አይደለም። እኔም በዚያ ዕድሜ ያለፍኩ ነኝ። ግን ሰው በስሜት ሲወስን ምን እንደሚሆን ያየነው እዚሁ ነው። ዋንጫውን ካነሳን ሁለት ወር ሳይሞላ ስትራስበርግን አስፈረምነው። ሰባት ዓመት፣ 245 ሚሊዮን ዶላር። የወርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች ነበር፣ በእኛ ድራፍት የመጣ፣ ከኛ ጋር ያደገ። እንደ እርስዎ አስተሳሰብ ከሱ የበለጠ ሊቆይ የሚገባው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ነው። ክንዱና ትከሻው አለቁ፣ በ2024 ጡረታ ወጣ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ሰውነቱን ለዚያ ዋንጫ ሰጥቶ ነው ያለቀው። ሬንዶንም በዚያው ሳምንት ያንኑ ያህል ገንዘብ ከኤንጀልስ ወሰደ፤ እዚያ በአንድም ዓመት 60 ጨዋታ አልሞላም። ሁለቱንም ብናስቀር ኖሮ ዛሬ የት እንደምንገኝ ያስቡት። ያመለጠን ሁሉ የተወሰደብን አይደለም።

ነባር ደጋፊ፦ ስትራስበርግ ላይ አልከራከርህም። ግን ከዚያ ውድቀት የተማሩት ትምህርት ምንድነው? ጨርሶ አለመክፈል። ከዚያ ወዲህ ለየትኛው ትልቅ ተጫዋች ከሌላ ቡድን ተሻምተው ከፈሉ? እኔ ክፈሉ የምለው በስሜት አይደለም፣ እዚሁ የሠራ መንገድ ስለሆነ ነው። በ2010 69 አሸንፈን 93 ተሸነፍን፤ ከዘንድሮው ብዙም የማይሻል ዓመት ነበር። በዚያ ዲሴምበር ጄሰን ዌርዝን በሰባት ዓመት 126 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት። አገሩ ሁሉ አበዱ አለ። እሱ ግን ሲመጣ ይህ ከተማ ሰው የሚመጣበት መሆኑ ታወቀ። በዓመቱ ለጂዮ ጎንዛሌዝ አራት ወጣቶች ለኦክላንድ ሰጡ፤ ልብ በል፣ ያኔ ወጣት ሰጥተው ሰው ነው የተቀበሉት። ጎንዛሌዝ 21 ጨዋታ አሸነፈ። በ2012 98 አሸንፈን ዲቪዚዮኑን ወሰድን። ሁለት ዓመት ነው የፈጀው።

ወጣት ደጋፊ፦ ስትራስበርግና ሃርፐርም በድራፍት አንደኛ ሆነው ገብተው ነበር፣ ያንን አይዝለሉት። ያገኘናቸውም በ2008ና በ2009 በዲቪዚዮኑ መጨረሻ ሆነን ነው።

ነባር ደጋፊ፦ አልዘለልኩም። ዛሬም ልጆቹ አሉና! ዉድ አለ፣ ኤብራምስ አለ፣ ዲላን ክሩስ በ2023 ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠ ነው፣ ኢላይ ዊሊትስ በ2025 አንደኛ። መሠረቱ ተጥሏል ስትሉን የከረማችሁት እናንተ ናችሁ። መሠረቱ ከተጣለ ግድግዳው መቼ ነው? ቴክሳስን ተመልከት። በ2021 102 ተሸነፉ፤ በዚያው ብርድ ኮሪ ሲገርንና ማርከስ ሴሚየንን በ500 ሚሊዮን አስፈረሙ። በመጀመሪያው ዓመት 94 ተሸነፉና ተሳቀባቸው። በ2023 ዋንጫውን አነሱ፣ ሲገርም የወርልድ ሲሪሱ ምርጥ ሆነ። ካንሳስ ሲቲ ገንዘብ የሌለው ከተማ ነው። በ2023 106 ተሸነፉ። ቦቢ ዊትን ለ11 ዓመት አስፈረሙት፣ ሴት ሉጎንና ማይክል ዋካን አመጡ። በዓመቱ 86 አሸንፈው ፕሌይኦፍ ገቡ። ዋሽንግተን ከካንሳስ ሲቲ ድሃ ናት?

ወጣት ደጋፊ፦ አይደለችም። በዚህ እስማማለሁ፣ ባለቤቶቹ መክፈል ይችላሉ። ግን ከፍለው ያሸነፉትን ብቻ እየመረጥን ነው። ኒውዮርክ ሜትስ ለሶቶ 765 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ፤ 43 ሆምረን መታላቸው፤ በ83 ድል ከፕሌይኦፍ ውጭ ቀሩ። ሚልዋኪ ደግሞ በሜጀር ሊግ ትንሽ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት። ጆሽ ሄደርን ሰጡ፣ ኮርቢን በርንስን ሰጡ፣ ዴቪን ዊሊያምስን ሰጡ። በየዓመቱ ደጋፊው አለቀልን ይላል፣ በየዓመቱ ዲቪዚዮኑን ያሸንፋሉ፤ ሦስት ዓመት ተከታትለው። በ2025 97 አሸንፈው ከ30ው ቡድን ሁሉ በለጡ። ይህን ያደረጉት ጥሩ ሰውን ዋጋው ሳይወርድ እየሰጡ ነው። ቶቦኒ የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው። ሆዜ ፌሬርን ለሲያትል ሰጥቶ ሃሪ ፎርድን ማምጣቱን አዩት? ሲያትል 60 ሆምረን የመታው ካል ራሊ ስላለው ፎርድ ቦታ አልነበረውም። እኛ ከጀርባ ኳስ የሚይዝ ሰው ቸግሮናል፤ ኬይበርት ሩዊዝ የጭንቅላት ጉዳት ደርሶበት ዓመቱን ሳይጨርስ ቀረ። ፌሬር አንድ ኢኒንግ የሚወረውር ሰው ነው፣ ፎርድ በየቀኑ ሊሰለፍ የሚችል።

ነባር ደጋፊ፦ የፌሬርን ልውውጥ እደግፋለሁ፣ ለምን እንደምደግፈው ግን ስማኝ። ፎርድ ዛሬ መጫወት የሚችል ልጅ ነው። ሚልዋኪም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ለዊሊያምስ የመጣው ኬሌብ ደርቢን በዚያው ዓመት ሦስተኛ ቤዝ ላይ ተሰልፎ ተጫወተ። ለበርንስ የመጣው ጆይ ኦርቲዝም እንዲሁ። እነሱ አንድ ሰው ሲሰጡ በዚያው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ያስቀምጣሉ፤ እያሸነፉ ነው የሚሰጡት። አንተ ለጎር የምትፈልገው ግን 18ና 19 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ነው። ሚልዋኪን እያሳየኸኝ ሌላ ዕቃ ነው የምትሸጥልኝ። የምትሸጥልኝ ባልቲሞርን ነው።

ወጣት ደጋፊ፦ ባልቲሞር ጥሩ ቡድን ሠርቶ ነበር እኮ።

ነባር ደጋፊ፦ ሠርቶ ነበር። ከኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ ስለዚህ ዓይናችን እያየ የተደረገ ነገር ነው። በ2018 115 ተሸነፉ። በ2021 110 ተሸነፉ። ታገሱ፣ ልጆቹ ይመጣሉ ተባለ። ልጆቹም መጡ፣ ይህን አልክድም፤ በ2023 101 አሸነፉ። ከዚያስ? በፕሌይኦፉ ቴክሳስ ሦስት ለዜሮ አባረራቸው። በ2024 ካንሳስ ሲቲ ሁለት ለዜሮ። ያባረሯቸውን ሁለቱን አስተውል፤ ሁለቱም ገንዘብ አውጥተው ሰው ያመጡ ናቸው። በ2025 ባልቲሞር 75 አሸንፎ የዲቪዚዮኑ ጭራ ሆነ። ያን ሁሉ መከራ ያየ ደጋፊ ከዚያ ዕቅድ አንድ የፕሌይኦፍ ጨዋታ ሲያሸንፉለት አላየም። አንድ! የነሱ ልጆች ከኛዎቹ ያንሱ ነበር? አያንሱም። ሲደርሱ ግን አጠገባቸው የሚቆም ሰው አልገዙላቸውም፤ መጠበቅ ልማድ ሆኖባቸው ነበር።

ወጣት ደጋፊ፦ ... ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ። ስለ ባልቲሞር መልስ አለኝ፣ ወርዋሪ አላሳደጉም የሚል፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ጎርን አስቀረን እንበል። በ2026 ስንት እናሸንፋለን? 70? 74? የሚጨምርልን አራት ድል ነው። 2027 ላይ ሄደ። እጃችን ባዶ ነው። ያኔ «ለምን በጊዜው አልሰጣችሁትም» የሚለው ደጋፊ እርስዎ ነዎት። በሃርፐር የሆነው እኮ ይኸው ነው። በ2018 ከውድድር ውጭ እየሆንን ሳለ አስቀረነው፣ ሄደ፣ የመጣልን የአንድ ድራፍት ዕጣ ነው።

ነባር ደጋፊ፦ ሃርፐር በሄደ በዓመቱ ዋንጫ አነሳን።

ወጣት ደጋፊ፦ በሃርፐር ፈንታ በመጣ ሰው አይደለም፤ ሶቶ ቀድሞ ስለነበረ ነው። ሶቶም በ19 ዓመቱ ሜዳ የገባ ልጅ ነበር። እርስዎ የሚንቋቸው 19 ዓመት የሆናቸው ልጆች።

ነባር ደጋፊ፦ ልጆቹን አልንቅም። አንዱን ልጅ ከ19 ዓመቱ ጀምሮ በራዲዮ ሰምቼ፣ ሲያድግ አብሬ ቆሜ፣ 23 ሲሞላው ሳንዲዬጎ ሲገባ ያየሁ ሰው ነኝ። የኔ ጥያቄ ልጆቹ ሲደርሱ ይቆያሉ ወይ ነው። መሸነፉ እንኳ ዘንድሮ የሚያስገኝልን ነገር የለም። ከሌሎች ቡድኖች የገቢ ድጎማ የማይቀበል ቡድን ሁለት ዓመት አከታትሎ የድራፍት ዕጣ ውስጥ አይገባም። ዊሊትስን ባለፈው አገኘን፤ ከመጨረሻው ሦስተኛ ሆነን ጨርሰን በ2026 ከፍ ያለው ዕጣ አይደርሰንም። ስለዚህ ሽንፈት በድሮው ሒሳብም ትርፍ የለውም። እሺ፣ ዓመቱን ንገረኝ። በየትኛው ዓመት ይህ ዕቅድ ተሳካ ወይም ከሸፈ እንበል?

ወጣት ደጋፊ፦ 2028። ዊሊትስ 20 ዓመቱ ይሆናል፣ ዉድ 25 ይሆናል፣ ክሩስም አለ፣ ለጎር የመጡት ይደርሳሉ። በ2028 ፕሌይኦፍ ካልገባን እርስዎ ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ነባር ደጋፊ፦ በ2028 መጨረሻ ኤብራምስ ነፃ ይሆናል። ዉድም ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ልክ ዛሬ ጎር እንደቀረው። ያኔ የሚነግረኝን ከአሁኑ አውቀዋለሁ፤ «ዋጋው ከፍ ባለበት ሰዓት እንስጠው» ይባላል። የዛሬው ክርክርህ ዉድ ላይም ቃል በቃል ይሠራል። የሚቆምበት ቦታ አሳየኝ።

ወጣት ደጋፊ፦ የሚቆመው ዉድን ሲያስፈርሙ ነው። በዚህ ላይ አብሬዎ ነኝ። 221 ጊዜ በስትራይክአውት ወጥቷል፣ አውቃለሁ፤ ግን እንደ እሱ የሚመታ ልጅ በየዓመቱ አይመጣም። ጎር ወርዋሪ ነው፣ ዉድ በየቀኑ የሚሰለፍ ነው። አንዱን መስጠት ሌላውን መስጠት ማለት አይደለም።

ነባር ደጋፊ፦ እንግዲያው ሁለቱን አንድ ላይ ያድርጓቸው። ጎርን ስጡ፣ ዉድን አስፈርሙ። ያን ቀን እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ።

ወጣት ደጋፊ፦ ዉድ እምቢ ቢልስ? ሶቶ 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን ተጠይቆ እምቢ አለ። ያኔ ሰው ሁሉ ስግብግብ አለው። ዛሬ 765 ሚሊዮን እጁ ላይ ነው። ዉድ ይህን አይቷል። ደግሞም የሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል። ባለቤቶቹ የደመወዝ ጣሪያ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ጨዋታም ሊቆም ይችላል። እንዲህ ባለ ሰዓት ትልቅ ውል ለመፈረም ሁለቱም ወገን ቢያመነታ አይፈረድበትም። ጎርን ግን እስከዚያ ካቆየነው አንድ ዓመት ብቻ ይቀረውና ዋጋው ይወርዳል። አሁን መሰጠት ያለበት ለዚህ ነው።

ነባር ደጋፊ፦ ዉድ አሁን መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው። እምቢ ካለ እምቢ ማለቱን ጨዋታ ሳይጀመር፣ በማርች እንወቀው። ሶቶ እምቢ ማለቱን የሰማነው ጁላይ አጋማሽ ላይ ነበር፤ ኦገስት 2 ቀን ሳንዲዬጎ ነበር።